አንድ ፈር

ሃያ ሁለት ዓመት በዚሁ ሰማይ ላይ፣
ዝቅ ብዬ ስበር፣ ስረጭ ጸረ ተባይ፣
ምድር ለእኔ ነበር የደንበኛ እርሻ፣
የነዳጅ ሂሳብ፣ የክንፍ ማዞሪያ፣ የሥራ መጨረሻ።

አሁን ጡረታ ነኝ፤ ሄስተርን ይዤ እወጣለሁ፤
እሷ ፎቶ ታነሳለች፣ እኔ መሪ እይዛለሁ።
ሆዷ ይገለበጣል ክንፍ ባዘነበልኩ ቁጥር፣
እያስመለሳት እንኳ አትስትም አንድ መስመር።

«የእኛ ወር ጥር ነው፤ ፀሐይ ቀና ሳትል፣
ጥላ ሲረዝም ነው ሣር የሚያወጋን» ስትል፣
ሞተሩን ቀነስኩት። በግራ ክንፌ ሥር፣
ውርጭ የመታው መስክ፣ የሌስተርሻየር ምድር፣
በግ ብቻ የሚግጠው፣ ዛፍ እንኳ የሌለው፤
ሣሩ ግን ልሙጥ አይደል፤ ሞገድ ነው፣ ፈር አለው።
ጉብ፣ ስርጉድ፣ ጉብ፣ ስርጉድ፤ ጉቡን ፀሐይ ነክቶት፣
ስርጉዱን የሌሊት ውርጭ እንደ ኖራ ሞልቶት።

ሺህ ጊዜ አይቼው ነበር። ሺህ ጊዜም አይቼው
ጎርፍ የቦረቦረው መስሎኝ ነበር ያለፍኩት ትቼው።

«ለምን ቀጥ አላለም?» አልኩ። «ጫፍና ጫፉ ላይ
ለምን ይጣመማል፣ ማጭድ መስሎ ሲታይ?»
«አራት ጥማድ በሬ፣ ባንድ ሞፈር ቆሞ፣
ጥግ ደርሶ አይዞርም፤ ከሩቅ ነው ቀድሞ
ዘወር የሚለው። ያ ዘወርታ ነው ያለው፤
በሬዎቹ ከታረዱ ሰባት መቶ ዓመት ሲሆነው።»

ሰባት መቶ ዓመት! የበሬ አንገት!
የእኔ ጎማ ዱካ በማረፊያው ሣር ላይ፣
ሰኞ የረገጥኩት ሐሙስ አይታይ።

ከዚያ ጮኸች፦ «ተመለስ! ያቺን! ያቺን መደብ!»
ሦስት ጊዜ ዞርኩላት። ከሁሉም መሃል አንዷ
ቀጥ ብላ ስትመጣ፣ ወገቧ ላይ ሆዷ
ወደ ጎረቤቷ ነፋ ብሏል፣ አንድ ክንድ ያህል፤
ያቺም ቀጥናለች በዚያው ልክ፣ በዚያው መሃል።

ጭኗ ላይ ያኖረችው የአንድ መዝገብ ቅጂ፣
የጌታው ችሎት ነው፣ በላቲን ጸሐፊ እጅ፦
«ኦዝበርት የሃሞ ልጅ፣ ድንበሩን ዘሎ፣
ከመበለት ሲስሊ አንድ ፈር ገፋ ተብሎ፣
ሁለት ፔኒ ይክፈል።» ይኸው ነው። ሌላ የለም።
መልሶ ይሁን አይሁን ጸሐፊው አይልም።
እኛ ግን ከላይ አየን፤ መቀጫውን ከፈለ፣
ፈሩን ግን አልመለሰም፤ ይኸው እስካሁን አለ።

ሄስተር መጀመሪያ ሳቀች፤ ኋላ ዝም አለች።
«አንድ ፈር በዓመት ስንት ዳቦ ናት?» ብላ ጠየቀች።
የዛሬን በቶን አውቃለሁ፤
የመበለት ልጅ ስንት እንደሚበላ ግን አላውቅም።

ኋላ በግ መጣ። ጌታው ሱፍ ወደደ፤
መንደሩ በአንድ ክረምት ፈርሶ ተሰደደ።
የገፊው የልጅ ልጅ፣ የተገፊዋም ዘር፣
ባንድ ጋሪ ሄዱ፣ ባንድ ጭቃ ዳር።
ያባረራቸው በግ፣ ሣሩን እየጋጠ፣
ሳያውቀው ዘብ ቆሞ ፈራቸውን አስቀመጠ።

ከአጥሩ ማዶ ያለው፣ በየዓመቱ መድኃኒት የረጨሁት፣
ልሙጥ ነው። ደህና አርሰውታል።
ምንም አይናገርም።

ነዳጅ አነሰና ወደ ሜዳው ዞርን፤
መንገዱ በሰፈሬ ነው፣ በቤቴ ላይ አለፍን።
ባለፈው ጸደይ እኔ አጥሬን ሳድስ፣
ጎረቤቴ ዊኒፍሬድ ከሆስፒታል ሳትመለስ፣
አንድ ጫማ ገፋሁ። አንድ ጫማ ብቻ።
ጽጌረዳ ልተክል፤ ለሷም መደሰቻ።

«ዘንበል አድርገው» አለች ሄስተር፣ «የታቹን ልየው።»
«ነዳጅ የለም» አልኳት።
ቀጥ አድርጌ በረርኩ፤ አላየነው።